ትዕግሥተኛው ጨው

የቀደሙት መምህራን ፍጥረት ሁሉ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደ ተገኘ ሲያስተምሩ፣ እነዚህ አራቱ በጠባያቸው የማይስማሙ ሲሆኑ በአንድ ሥጋ ተስማምተው የሚኖሩት በፈጣሪያቸው ትእዛዝ መሆኑን ጨምረው ይናገሩ ነበር። የዛሬው የኬሚስትሪ ትምህርት ይህን አከፋፈል ከተወው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዳሩ ግን አሞኒየም ናይትሬት የተባለውን ነጭ ጨው ጠባዩን መርምሮ ለሚመለከት ሰው የጥንቱ ትምህርት ትዝ ሳይለው አይቀርም። ይህ ጨው ናይትሮጅኑን ከነፋስ የወሰደ፣ በውሃ ፈጥኖ የሚሟሟ፣ መሬትን የሚያዳብር፣ እሳትንም በውስጡ ሰውሮ የሚኖር ነውና። ከ100 እጅ 35 ያህሉ ናይትሮጅን በመሆኑ ለእህል ሥር የተመቸ ምግብ ነው፤ ከናይትሮጅኑ ጋር ተሳስሮ የሚኖረው ኦክሲጅን ደግሞ የሚነድ ነገር ባገኘ ጊዜ ከውጭ አየር ሳይለምን የሚያነድ ነው።

ስለዚህ ጨው የተጻፈው የሚበዛው ስለ ፍንዳታው ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ልተርክ የምፈልገው የመጋዘኑን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ሰዎች ይህን ጨው በጎተራ፣ በባቡር ፉርጎ፣ በመርከብ ሆድና በወደብ አዳራሽ ሲያስቀምጡት ምን አስበው እንደ ነበረ፣ ምንስ ሳያስቡ እንደ ቀሩ ነው። ባሩድ የያዘ ሰው ባሩድ መያዙን ያውቃል፤ ብልጭታ ባየ ጊዜም ይሸሻል። ይህኛው ግን ቢጭኑትም ቢያወርዱትም፣ ቢረግጡትም ቢፈልጡትም፣ ከዓመት እስከ ዓመት ከምረው ቢረሱትም ዝም የሚል ስለ ሆነ፣ ጠባቂዎቹ ትዕግሥቱን እንደ ባሕርዩ ቆጠሩለት። በእኔ አስተያየት የመቶ ዓመቱ መከራ የሚመዘዘው ከዚህ አንድ ስሕተት ነው፤ በእርሱም ላይ ሁለተኛ ጥፋት ተደረበበት፤ ብዙ ነፍስ ጠፍቶ በአንዱ አገር የተገኘው ዕውቀት ከጆንያው ጋር ተጭኖ ወደ ሌላው አገር አለመሄዱ ነው።

ጨዉን አስቀድሞ ያዘጋጀው ዮሐን ሩዶልፍ ግላውበር የሚባል ጀርመናዊ ጠቢብ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1659፣ በእኛ አገር ዐፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው የነበሩበት ጊዜ ነው። ግላውበር የነበልባሉን ቢጫነት አይቶ የሚነድ ጨው ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ለ250 ዓመታት ያህል ናይትሮጅንን ከአየር በብዛት የማውጣት ጥበብ ስላልተገኘ፣ የአውሮፓ እርሻ በዚህ ዘመን መጨረሻ ከቺሊ ምድረ በዳ በመርከብ የሚመጣውን ናይትሬት ሲጠብቅ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1909 ፍሪትዝ ሃበር ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያን ማውጣት እንደሚቻል በካርልስሩኸ አሳየ፤ ካርል ቦሽ የተባለው መሐንዲስም ይህን የጠረጴዛ ላይ ሥራ ወደ ታላቅ ፋብሪካ ለውጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በራይን ወንዝ ዳር በኦፓው መንደር የመጀመሪያውን አቆመ። በማግሥቱ የዓለም ጦርነት ተነሣና የፋብሪካው ፍሬ ለመድፍ ሆነ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ የተራበው የጀርመን ሕዝብ እርሻ ስለሚጠብቀው ጨዉ ወደ ማዳበሪያነት ተመለሰ። መጋዘኖቹም ከልክ በላይ ተሞሉ።

ጨዉ በመጋዘን ሲቀመጥ አንድ አስቸጋሪ ልማድ አለው። የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ይረጥባል፣ ሲደርቅም ይጋገራል፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ በወጣና በወረደ ቁጥር የውስጡ ቅርጽ ስለሚለዋወጥ ቅንጣቱ እየተፈረፈረ እንደ ገና ይጣበቃል፤ በዚህም ምክንያት ዱቄት ሆኖ የገባው ክምር ከጥቂት ወራት በኋላ ዶማ የማይበሳው ዐለት ሆኖ ይገኛል። በኦፓው ሠራተኞቹ ከሥር ሲቆፍሩ ክምሩ እንዳይናድባቸው ሌላ ዘዴ ፈለጉ፤ ዐለቱን እየበሱ ትንሽ ትንሽ ድማሚት ማፈንዳት ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ እብደት ነው ሳይል አይቀርም። ይሁን እንጂ የኦፓው ሰዎች ሰነፎች እንዳልነበሩ መመስከር ይገባል። በጎተራው የነበረው ጨው ብቻውን ሳይሆን አሞኒየም ሰልፌት ከሚባለው ፈጽሞ ከማይፈነዳ ጨው ጋር እኩል የተቀላቀለ ነበር፤ የፋብሪካው ሊቃውንትም ናይትሬቱ ከ100 እጅ 60 እስካልሞላ ድረስ ድብልቁ እንደማይፈነዳ መርምረው አረጋግጠው ነበር። በዚህም እምነት ድማሚቱ 20000 ጊዜ ያህል ሲተኮስ አንድም ክፉ ነገር አልደረሰም። ሃያ ሺህ ጊዜ የተሳካ ሥራ አደገኛ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው በየትኛውም ፋብሪካ ጆሮ አያገኝም፤ እነርሱም ባላስተዋሉት መንገድ የማድረቂያው ዘዴ በቅርቡ ተለውጦ ጨዉ ከቀድሞው ይልቅ ደረቅና ሳሳ ያለ ሆኖ ነበር፤ ቅልቅሉም በየስፍራው እኩል አልነበረም። ሊቃውንቱ የመረመሩትና በጎተራው ውስጥ የነበረው በስም አንድ፣ በግብር ግን ሁለት ሆነው ነበር።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1913 ዓ.ም. ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በክሪቫልድ በሁለት ፉርጎ ተጭኖ የተጋገረ 30 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት በፈንጂ ለማላቀቅ ሲሞከር ፈንድቶ 19 ሰዎችን ገድሏል። ያ ንጹሕ ናይትሬት፣ ይህ ግን ድብልቅ ስለ ነበረ፣ ምናልባት የኦፓው ሰዎች የእኛው ሌላ ነው ብለው ተጽናንተው ይሆናል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 11 ቀን 1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1921) ከጧቱ 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ላይ 4500 ቶን የያዘው ጎተራ ፈነዳ። በስፍራው ከ18 ሜትር የማያንስ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተከፈተ፤ ከኦፓው ቤቶች የሚበዙት ፈረሱ፤ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ድምፁም 300 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሙኒክ ከተማ ተሰማ። መርማሪዎች በኋላ እንደ ገመቱት ከክምሩ የፈነዳው ዐሥረኛው እጅ ያህል ብቻ ነበር። ፋብሪካውን የሠራው ካርል ቦሽ በሙታኑ ቀብር ላይ ቆሞ የተናገረው፣ ሚሊዮኖችን እንዲመግብ የታሰበው ነገር ራሱ ጠላት ሆኖ መነሣቱን ነው።

የዚህ ዜና በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተጽፎ ሳለ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ሚያዝያ 21 ቀን 1934 ዓ.ም. በጀርመን ጦር በተያዘችው ቤልጂክ፣ በቴሴንደርሎ ከተማ፣ የተጋገረ 150 ቶን ክምር በዚያው በፈንጂ ዘዴ ለማላቀቅ ተሞክሮ 189 ሰዎች አለቁ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ይህን ጨው ለቦምብ በብዛት የሚያወጡ ፋብሪካዎች አቋቁማ ነበር፤ ሰላም ሲሆንም እነዚሁ ፋብሪካዎች ለፈራረሰው የአውሮፓ እርሻ ማዳበሪያ እንዲያወጡ ታዘዙ። ጨዉ እንዳይጋገር ሰም መሰል ቅባት ተቀባ፤ ይህም መድኃኒት ሌላ በሽታ ይዞ መጣ፤ ቅባቱ ራሱ የሚነድ ነገር ነውና። ከዚያም ገና ሙቀቱ ሳይበርድ በ100 ፓውንድ የወረቀት ከረጢት እየታሸገ በባቡር ወደ ወደብ ይላክ ነበር። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ማዳበሪያ መሆኑና የጨዉ ስም ነው፤ ስለ አደጋው ግን አንዲት ቃል አልሰፈረችም። ማዳበሪያ የሚለውን ያነበበ ጫኝና አውራጅ ምን ሊፈራ ይችላል?

በ1939 ዓ.ም. የሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ ግራንካን የተባለች የፈረንሳይ መርከብ በቴክሳስ ሲቲ ወደብ ቆማ 2300 ቶን ያህል ከዚህ ከረጢት ጫነች። ሚያዝያ 8 ቀን፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ሠራተኞች አራተኛውን የዕቃ ክፍል ሲከፍቱ ከከረጢቶቹ መካከል ጢስ ሲወጣ አዩ። ለመጠጥ የመጣውን ውሃ ደፉበት፤ በእጅ የሚያዝ ማጥፊያም ሞከሩ፤ አልጠፋም። የውሃ ቧንቧ ይምጣ ሲባል የመርከቡ አዛዥ ውሃው ጭነቱን ያበላሸዋል ብሎ ከለከለና፣ የክፍሉ ክዳን ተዘግቶ በላዩ ሸራ ተወጥሮ፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ እንዲከፈት አዘዘ።

በዚህ ትእዛዝ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የጨዉን ባሕርይና የሰውን ልማድ ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ የለምና። የተዘጋ ክፍልን በእንፋሎት ሞልቶ እሳትን ማፈን መርከበኞች ከአባቶቻቸው የተቀበሉት መልካም ሥርዓት ነው፤ ጥጥ ቢሆን ወይም እንጨት ቢሆን እሳቱ አየር አጥቶ ይሞት ነበር። ይህ ጨው ግን አየሩን ይዞ የሚኖር ስለ ሆነ የሚያፍነው ነገር የለም፤ መዝጋት ግፊቱን ያበዛል፣ እንፋሎትም ሙቀት ይጨምርለታል። የሚበጀው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እርሱም ክዳኑን ከፍቶ ጭነቱ እስኪሟሟ ድረስ ውሃ ማፍሰስ። አዛዡ ሊጠብቀው የፈለገው ጭነት መበላሸት የነበረበት ጭነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚነግረው ወረቀት አልነበረውም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ለመፍረድ እቸገራለሁ፤ ፍርዱ ከረጢቱን ዝም አሰኝተው ለላኩት ይገባል።

ከመርከቢቱ የሚወጣው ጢስ ብርቱካናማ መልክ ነበረውና ያዩት ሰዎች ለመመልከት ወደ ወደቡ ተሰበሰቡ። በጎ ፈቃደኞች የሆኑት የከተማይቱ እሳት አደጋ ሰዎችም ደርሰው ውሃ ይረጩ ጀመር፤ የመርከቢቱ ብረት ግን ውሃውን እንፋሎት አድርጎ ይመልሰው ነበር። ከጧቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ግራንካን ፈነዳች። ከ28ቱ የእሳት አደጋ ሰዎች 27ቱ በአንድ ቅጽበት ጠፉ፤ የመርከቢቱ መልሕቅ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደቀ፤ በአጠገቡ የነበረው የኬሚካል ፋብሪካ ነደደ። ሃይ ፍላየር የተባለችው ሁለተኛዋ መርከብም ያንኑ ጨውና ብዙ ድኝ ጭና በዚያው ወደብ ቆማ ነበርና፣ እሳቱ ተዛምቶባት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ እርሷም ፈነዳች። የሞቱት 581 ያህል ተቆጠሩ፤ ስማቸው ሳይታወቅ የተቀበሩም ነበሩ።

ሦስት ወር ከጥቂት ቀን አለፈ። ሐምሌ 21 ቀን 1939 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በብረስት ወደብ ኦሽን ሊበርቲ የተባለች የኖርዌይ መርከብ ከ3000 ቶን በላይ አሞኒየም ናይትሬት ጭና እሳት ተነሣባት። አዛዥዋም ክዳኑ እንዲዘጋና እንፋሎት እንዲገባ አዘዘ። ሳይጠፋ ሲቀር መርከቢቱ ከወደቡ ተጎትታ ወጣች፣ በዚያም ፈነዳች፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። የቴክሳስ ሲቲ ዜና በዓለም ሁሉ የተሰማ ሲሆን ከመርከብ ወደ መርከብ ግን አልተሻገረም።

የቴክሳስ ሲቲ ቁስለኞችና የሟቾች ወገኖች ከ8000 በላይ ሆነው የአሜሪካን መንግሥት ከሰሱ። የመጀመሪያው ዳኛ ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1953 በ4 ድምፅ ለ3፣ የመንግሥት ሹማምንት በሥልጣናቸው መርጠው ስላደረጉት ነገር መንግሥት በሕግ አይጠየቅም ሲል ክሱን ጣለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ምክር ቤቱ በልዩ ሕግ ካሣ ወሰነላቸው፤ የተከፈለውም በጠቅላላው ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማከማቻው ሥርዓት ተጻፈ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ውስጥ የሚገኙትን አንቀጾች የሚያነብ ሰው፣ ታሪኩን አስቀድሞ ካላወቀ፣ ደረቅ የመለኪያ ቍጥሮች ብቻ ይመስሉታል። ሙቀቱ ከ54 ዲግሪ በላይ የሆነ ከረጢት ወደ መጋዘን አይግባ ይላል፤ ይህ በትኩሱ ታሽገው የተላኩት ከረጢቶች ትዝታ ነው። ክምሩ ከግድግዳው 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከፍታውም ወርዱም ከ6 ሜትር አይለፍ ይላል፤ ይህም አየር እንዲዘዋወርና ከታች ያለው በላይኛው ክብደት ተጭኖ እንዳይጋገር፣ እሳትም ቢነሣ ሰው ዙሪያውን ውሃ ይዞ እንዲደርስበት ነው። ዘይት፣ ናፍጣ፣ ድኝ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የብረት ብናኝ በአጠገቡ አይኑር፤ ወለሉ ቀልጦ የሚፈስሰውን የሚያቁር ቀዳዳና ጉድጓድ የሌለበት ይሁን፤ የተጋገረው በፈንጂ አይላቀቅ፤ እሳት በተነሣ ጊዜ በብዙ ውሃ እንጂ በእንፋሎትም በማፈንም አይሞከር። ክምሩ እሳት ይዞት ከጋለ ደግሞ ሰው ሁሉ፣ አጥፊዎቹም ጭምር፣ ርቆ ይሽሽ። ሥርዓቱ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ የሚጠይቀውም ከገንዘብ ይልቅ መትጋትን ነው። አንዳንድ አገሮች ጨዉን ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ቁጣውን የሚያበርድ ማዳበሪያ ማውጣትን መርጠዋል።

ሥርዓቱ ከተጻፈ ወዲህም ጨዉ መታገሡን፣ ሰዎችም መዘንጋታቸውን አልተዉም። በፈረንሳይዋ ቱሉዝ ከተማ በአንድ አዳራሽ ወለል ላይ የፈሰሰ 300 ቶን ያህል ተመላሽ ጨው መስከረም 11 ቀን 1994 ዓ.ም. ፈንድቶ 31 ሰዎችን ገደለ፤ ዕለቱ ከኦፓው 80 ዓመት ሙሉ መሆኑ መገጣጠም ብቻ ነው፣ ግን የሚያሳዝን መገጣጠም ነው። በ2005 ዓ.ም. በቴክሳስ፣ ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በእንጨት ቤት ውስጥ በእንጨት ሣጥን የተቀመጠው ጨው 15 ሰዎችን ገደለ፤ የሚበዙት እሳት ሊያጠፉ የመጡ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. በቻይና በቲያንጂን ወደብ ከ170 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የሊባኖሷ የቤይሩት ነገር ግን ለእኛ ይቀርበናል። ሮሱስ የተባለች አሮጌ መርከብ 2750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ከጆርጂያዋ ባቱሚ ጭና ወደ ሞዛምቢክ ስትጓዝ በ2006 ዓ.ም. ቤይሩት ላይ ታገደች፤ ባለቤቷ ተዋት፤ ጭነቱም በሚከተለው ዓመት በወደቡ 12ኛ መጋዘን ገባ፤ መርከቢቱም ኋላ በዚያው ወደብ ሰጠመች። የጉምሩክ ሹማምንት ጨዉ እንዲሸጥ፣ ወይም ከአገር እንዲወጣ፣ ወይም ለጦር ሠራዊቱ እንዲሰጥ እየለመኑ በተደጋጋሚ ለዳኞች ደብዳቤ ጻፉ። በዚህ ስፍራ ዕውቀት አልጎደለም፤ አደጋው በወረቀት ላይ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ ደብዳቤውን በመላኩ ነጻ የወጣ መሰለው፣ ጨዉም ከርችት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስድስት ዓመት ያህል ተኛ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ በፈነዳ ጊዜ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 300000 ያህል ሰዎች ቤታቸውን አጡ። እሳት ሊያጠፉ የተላኩት ወጣቶች የመጋዘኑን በር ሲታገሉ በውስጡ ያለውን የነገራቸው አልነበረም። በአጠገቡ የነበረው ታላቁ የእህል ጎተራ ከፊሉ ፈርሶ፣ የቀረው ቆሞ የከተማውን ምዕራብ ክፍል ከለለ።

በዚያች ከተማ በሰው ቤት አገልጋይነት የሚኖሩ እልፍ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ከፍንዳታው ሁለት ወር በፊት የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎቻቸው ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው፣ ብዙዎቹ ከነሻንጣቸው ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው መንገድ ላይ ሲያድሩ ዓለም በፎቶግራፍ አይቷቸዋል። ፍንዳታው ሲደርስ የቆሰሉና መጠጊያ ያጡ ከእነርሱም መካከል ነበሩ። ስለ መጋዘኑ ሊያውቁ የማይችሉ፣ ቢያውቁም ሰሚ የማያገኙ ነበሩ፤ የጉምሩክም የፍርድ ቤትም ደብዳቤ ለእነርሱ አልተጻፈም።

አንባቢ በከንቱ እንዳይሸበር አንድ ነገር መግለጥ ይገባኛል። የአገራችን ገበሬ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚወስደው ማዳበሪያ ዩሪያ፣ ቀድሞ ዳፕ፣ ኋላም ኤንፒኤስ የተባለው ነው፤ እነዚህ ናቸው እንጂ ይህ ጨው አይደለም፤ ዩሪያም ራሱን የሚያነድ ኦክሲጅን በውስጡ የለውም። አሞኒየም ናይትሬት በአገራችን የሚታወቀው ይልቁንም በድንጋይ ካባ፣ በማዕድንና በመንገድ ሥራ ዘንድ ነው። እንግዲህ ይህን ጨው በአደራ የተቀበላችሁ የመጋዘን ኃላፊዎች፣ ስሙንና ጠባዩን በበሩ ላይ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ በጉልህ ጻፉት፤ ከናፍጣው በርሜል አርቁት፤ የቆየውን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ባለቤት የጠፋበትን ክምር ደብዳቤ ጽፋችሁ አትተዉት፣ መውጣቱን እስክታዩ ድረስ ተከታተሉት። የከተማውንም እሳት አደጋ ሰዎች በደኅናው ቀን ጋብዛችሁ፣ መጋዘኑን ውስጥ ለውስጥ አስጎብኟቸው።